በመተማ ቆላ ሞተር ለምን አልነሳ ይላል?

ከአዘዞ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው አስፋልት ቆላውን የሚያቋርጠው በአንድ መስመር ብቻ ነው። የሰሊጡ፣ የጥጡና የማሽላው እርሻ፣ የጉልበት ሠራተኛው የሚያድርበት ካምፕ፣ አብዛኛውም መንደር ከመስመሩ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። ከገንዳ ውኃ፣ ከኮኪት፣ ከሽንፋ፣ ቋራ ውስጥም ከገለጉ ተነስቶ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚገባ ሰው የሚተማመነው በሞተር ሳይክል ነው። የሠራተኛ ደሞዝ የሚያደርሰው፣ የተሰበረ የትራክተር ዕቃ የሚያመላልሰው፣ የታመመ ሰው የሚያወጣው ሞተር ነው።

የታመመ ሰው ያልኩትን ዝም ብዬ አላልፈውም። በምዕራብ አርማጭሆ፣ አብደራፊ ላይ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የካላዛር ሕሙማንንና በእባብ የተነደፉ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲያክሙ ቆይተዋል። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ወባውም፣ ካላዛሩም፣ እባቡም የሚያገኘው ከሐኪም ቤት ርቆ ማሳው ላይ ነው። በእባብ የተነደፈ ሰው በሰዓቱ ካልደረሰ እግሩን ወይም ነፍሱን ያጣል። ካምፑ ውስጥ ያለው አንድ ሞተር በዚያች ሰዓት አልነሳም ቢል ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ሞተር ለምን አይነሳም የሚለውን ጥያቄ በሙሉ ክብደቱ የማየው ለዚህ ነው።

ለጥያቄው በአካባቢው ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አሽከርካሪው ይረግጣል፤ እምቢ ካለው ሰው ጠርቶ ያስገፋል። የመንገድ ዳር መካኒኩ ዕቃ ይቀይራል፤ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ካልሆነ ቦቢና፣ እሱም ካልሆነ የእሳት መቆጣጠሪያው ሲዲአይ። ከፋብሪካው የሚመጣው መመሪያ ደግሞ ተራ ያስቀምጣል፤ ቤንዚን መድረሱን፣ ካንዴላ እሳት መስጠቱን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ መኖሩን በቅደም ተከተል እይ ይላል። ከሦስቱ የመመሪያው መንገድ ይሻላል። ነገር ግን መመሪያው ንጹሕ ቤንዚን ከማደያ የሚቀዳበትን አገር አስቦ የተጻፈ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በሚሸጥበት አገር ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሞተሩ አልነሳም ያለው በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ወቅት ነው? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ እምቢ ያለ ሞተርና ቀን 8 ሰዓት ላይ ተግሎ ሳለ ቆሞ የቀረ ሞተር በሽታቸው ለየቅል ነው። በሐምሌ ጭቃ የቆመና በጥር አቧራ የቆመም እንደዚያው። ይህን ሳይጠይቅ ብሎን የሚፈታ መካኒክ በግምት እየሠራ ነው።

በእርግጥ ከዚያም በፊት በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አለ። መሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ተጭኖ ይሆናል፤ የቤንዚኑ መክፈቻ ተዘግቶ ወይም ሪዘርቭ ላይ ሳይዞር ቀርቶ ይሆናል፤ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ይሆናል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ ወይም ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ አይነሱም። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ሰው የሚቀመጥበት ሞተር ላይ ማጥፊያው ሳይታወቅ መጫኑ የተለመደ ነው። ይህን አለማየት የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳዝነው በዚህ ምክንያት ካርቡራተር ሲፈታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በቆላው ተጠርጣሪው መጀመሪያ ቤንዚን ነው። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከሱዳን ቤንዚን ስታስገባ መግቢያው ይኸው የመተማ በር ነበር። ዛሬ የአገሪቱ ነዳጅ በዋናነት በጅቡቲ በኩል የሚመጣ በመሆኑ ምዕራብ ጎንደር ከመስመሩ ጫፍ ላይ ቀርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በኤሌክትሮኒክስ ክፍያ እንዲሆን ተደርጓል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ባዕድ ነገር በሚቀላቅልና ከማደያ ውጭ በሚሸጥ ላይ ቅጣት አስቀምጧል። ሆኖም ማደያ ከማሳው በርቀት ሲገኝ፣ ማደያው ላይም ቤንዚን አለቀ ሲባል፣ ሰው ከጀሪካንና ከጠርሙስ መግዛቱ አይቀርም። ከጀሪካን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር ሌላም ነገር ሊገዛ ይችላል፤ ላምባ፣ ናፍታ፣ ውኃ፣ ዝገት።

ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን የሚያሳየው ምልክት ጠዋት ላይ ግልጽ ነው። ቤንዚን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት የሚጀምር ቀላል ክፍል ስላለው ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥም ገብቶ እሳት ይይዛል። ላምባ ግን ለመትነን ከዚህ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ላምባ የበዛበት ሞተር ሲግል ይሠራል፤ ሲያድር ግን አይነሳም፤ ቢነሳም ነጭ ጭስ እያወጣ ይንተፋተፋል። ትናንት ማታ ደህና ገብቶ ዛሬ ጠዋት ሃምሳ ጊዜ ተረግጦ እምቢ ያለ ሞተር በመሐል የተቀየረው ነገር ቤንዚኑ ብቻ ከሆነ ካንዴላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ጥላ ውስጥ መተው። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ወይም ናፍታ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። እሳት በአካባቢው መኖር እንደሌለበት መናገር እንኳ ያለብኝ አይመስለኝም፤ ግን ሲጋራ ይዞ ጀሪካን ላይ የሚያጎነብስ ሰው ስላለ ተናግሬዋለሁ።

ውኃውን ለማግኘት ደግሞ ነጭ ጠርሙስ ይበቃል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ሥር ይወርዳል። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጎ የሚወጣውን በጠርሙስ መቀበልና ጥቂት ማቆየት ነው። ሥሩ ላይ ድንበር ሠርቶ የተቀመጠ ነገር ከታየ፣ ወይም ጠብታዎች እንደ ዶቃ ሲንከባለሉ ከታየ፣ ምክንያቱ ተገኝቷል። ክረምት ላይ ይህ እጅግ ይበዛል፤ ክዳኑ የላላ ጀሪካን ዝናብ ሲመታው ያድራል፤ ግማሽ የሆነ የሞተር ሰልባትዮም የሌሊት ቅዝቃዜ ሲመጣ በውስጡ ጤዛ ያዝላል። በቆላው ቀንና ሌሊት በሙቀት የሚራራቁበት ጊዜ ስላለ ሞልቶ ማሳደር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስለ ሰልባትዮው ካነሳሁ ክዳኑን ልጨምር። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ጠባብ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን አየር ካልተካው ፍሰቱ ይቆማል። አቧራ ሲደፍናት፣ ወይም ክዳኑ ላልቶብኛል ብሎ ባለቤቱ ሥሩ ፌስታል ሲያደርግ፣ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄድና ይጠፋል፤ ጥቂት ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል። ይህ ብዙ ሰው ያደክማል። ክዳኑን ሲከፍቱት አየር ሲስብ ከተሰማ ነገሩ አለቀ።

ቆሞ የከረመ ሞተር የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ስትከለክል ብዙ ሞተር ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተፈጠረው ግጭትም በየከተማው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የታገደባቸው ጊዜያት ነበሩ። ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ያልቅና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ የቆላው ሙቀት ይህን ያፈጥነዋል። ሙጫው በቅድሚያ የሚደፍነው ሞተር ሲነሳ የሚያገለግለውን፣ ከፀጉር ብዙም የማይሰፋውን ቀዳዳ ነው። ይህን ቀዳዳ በሽቦ መጎርጎር ያበላሸዋል፤ ይሰፋና ሞተሩ ለዘለቄታው ቤንዚን የሚበላ ይሆናል። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ነው ትክክለኛው። ሞተሩን ከወር በላይ የሚያቆም ሰው ደግሞ መክፈቻውን ዘግቶ ካርቡራተሩን ቢያፈስስ ይህ ሁሉ አይመጣበትም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ፀሐይ ላይ የቆሙትን የልማትና የጤና ሠራተኞች ሞተሮች ሳይ የምቆረቆረው ብዙዎቹ ተበላሽተው ሳይሆን ቤንዚን ተረስቶባቸው እንደሆነ ስለምጠረጥር ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው፤ ሰዓቱም ቀትር ነው። ሞተሩ ከማሳ ደርሶ፣ ሻይ እስኪጠጣ ቆሞ፣ ከዚያ ሲረገጥ አልነሳም ይላል። ሞተር ሲቆም ነፋሱ ስለሚቋረጥ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ይወጣል፤ ቤንዚኑ ፈልቶ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉም ወደ ሲሊንደሩ ፈስሶ ያፍነዋል። አሽከርካሪው በልማዱ ቾክ ይስባል፤ ያን ጊዜ የታፈነውን ይበልጥ ያፍነዋል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው። ቾኩን መልሶ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ይዞ፣ ሳይጣደፉ ጥቂት ጊዜ መርገጥ፤ የተጠራቀመው ቤንዚን በአየሩ ተጠርጎ ይወጣል። እምቢ ካለ ጥላ ውስጥ ሩብ ሰዓት ማቆየት። እርጥብ ጨርቅ ካርቡራተሩ ላይ ማድረግ ይረዳል። ሲሊንደሩ ላይ ውኃ መድፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ሩብ ሰዓት ቆይቶም ካልተነሳ፣ ግን አመሻሽ ላይ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ ከሆነ፣ ሁለት ነገር መጠርጠር አለበት። አንዱ ቦቢናው ወይም ሲዲአዩ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ግንኙነት ሲግል ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። መካኒኩ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ መካኒኩ ደህና ነው ይላል። ስለዚህ እሳቱ መታየት ያለበት ሞተሩ እዚያው ትኩስ ሆኖ እምቢ ባለበት ቦታ ነው። ሌላው ቫልቮላው ነው። ክፍተቱ በትንንሾቹ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ከጠበበ ቫልቮላው ሲግል ረዝሞ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ እመቃው ያመልጣል። በፊለር መለኪያ የሚስተካከል፣ ዕቃ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ቫልቮላ ማስተካከል ባለማወቅ ስንት ሰው ፒስተን ገዝቷል!

ከሙቀቱ ጋር የከፍታውን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ መተማ ዮሐንስ ከ800 ሜትር በታች ነው። አየሩ በሙቀቱ ሳስቶ እንኳ ቆላው ላይ ከደጋው ከአሥር በመቶ በላይ ይከብዳል። ጎንደር ላይ የቤንዚንና የአየር መጠኑ ተስተካክሎ የወረደ ሞተር ቆላ ሲደርስ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ሲሄድም ከልክ በላይ ይግላል። ተቃራኒው ደግሞ መተማ ተስተካክሎ ወደ ደጋ የወጣው ላይ ይታያል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። ለመነሳቱ ችግር የአየር ብሎኗን ትንሽ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሞተሩን ከጎንደር የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ቢያሠራ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ቤንዚኑና ሙቀቱ ከተጣሩ በኋላ ካንዴላ ይወጣል። በመንገድ ላይ ካሉት ምርመራዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው፤ ለመቀየር ከማውጣት በፊት ለማንበብ ማውጣት ልማድ ቢሆን ምኞቴ ነው። ደጋግሞ ተረግጦ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚኑ ደርሷል፤ ወይ ታፍኗል ወይ እሳት የለም። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ አየር ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም ቾኩ ተስቦ ቀርቷል። ዘይት ከለበሰ ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚኑ አንሶታል። ቡናማ ከሆነ ካንዴላው ጤነኛ ነው፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ። እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከገመዱ ጋር እንዳለ ብረቱን ቴስታታው ላይ አስነክቶ፣ ከካንዴላው ቀዳዳና ከቤንዚን አርቆ መርገጥ ነው። ሰማያዊ ሆኖ የሚጮህ እሳት ደህና ነው፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው። ገመዱን አየር ላይ ትቶ መርገጥ ሲዲአይ ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንዶቹ የባጃጅ ፐልሰር ሞዴሎች ሁለት ካንዴላ ስላላቸው አንዱ ሞቶ በሌላው የሚጎተቱበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም ይታዩ። በየመሥሪያ ቤቱ የቀሩት ባለ ሁለት ምት ያማሃዎች ደግሞ ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ካንዴላቸው ቶሎ ይጠቁራል፤ ለእነሱ መጥረጊያ የሽቦ ብሩሽ መያዝ ግዴታ ነው።

ክረምቱ ሌላ ዓለም ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የቆላው ጥቁር መረሬ አፈር ጎማና ጭቃ መከላከያው መሐል ገብቶ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ገንዳ ውኃ፣ ሽንፋና ጓንግ ወንዞችም ይሞላሉ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ የጠፋ ሞተር ላይ የሚሠራው ስሕተት የከፋ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ አትርገጡት፣ አታስገፉት። ውኃ አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ እያለ በግፊት ለማስነሳት የተሞከረ ሞተር የፒስተኑ ዘንግ ይታጠፋል፤ በነጻ ሊድን የነበረው ሞተር ሙሉ ጥገና ይጠይቃል። ካንዴላው ይውጣ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይረገጥ፣ ውኃው በቀዳዳው ይተፋ፤ አየር ማጣሪያው ይጨመቅና ይድረቅ፤ ካርቡራተሩ ይፍሰስ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ሳይቀየር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መሄድ የለበትም። በዝናብ ብቻ የቆመ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ የካንዴላው ኮፍያ ረጥቦ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

አቧራው በአንጻሩ በዝግታ ነው የሚገድለው። ከኅዳር በኋላ የጥርጊያው መንገድ ዱቄት ይሆናል። የተደፈነ አየር ማጣሪያ ሞተሩን ያፍነዋል፤ የባሰው ግን ባለቤቱ አነሰልኝ ብሎ ማጣሪያውን አውጥቶ ሲጥል ነው። ያን ቀን ሞተሩ ይቀለዋል፤ አቧራው ግን ፋሻውንና ሲሊንደሩን ሞርዶ በአንድ የሰሊጥ ወቅት እመቃ ያሳጣዋል። ስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ወይም በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዘይት ራስ ራስ ተደርጎ ይመለሳል። የወረቀቱ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም። እመቃ መጥፋቱን ለማወቅ አውራ ጣትን ካንዴላው ቀዳዳ ላይ አድርጎ ማስረገጥ ነው፤ ጣትን ገፍቶ ካላነሳ መንገድ ላይ የሚሠራ ነገር የለም፤ ሞተሩ ጋራዥ መግባት አለበት።

ባትሪውን አሳንሼ የማየው በሞተሪኖ ብቻ የሚነሳ ሞተር እዚህ ስለማይመከር ነው። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየአሥር ዲግሪው ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ በየሳምንቱ የባትሪ ውኃ ይታይ፤ የወንዝ ውኃ አይሆንም። አንዳንድ ሞተር እሳቱን በቀጥታ ከማግኔቱ ስለሚያገኝ ባትሪ ሞቶም በእግር ይነሳል፤ ሌላው ግን ከባትሪ ስለሚያገኝ ቢረገጥም አይሠራም። የራስን ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ጫካ ውስጥ ከመጨነቅ ያድናል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብር ወረቀት መጠቅለል ግን ሞተሩን በእሳት ማጣት ነው።

ወደ መካኒኮቹ ልመለስ። እዚያ አገር ጥቂት ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ይዞ ከዛፍ ሥር የሚሠራ ወጣት ስንት ሞተር እንዳስነሳ የማያውቅ ሰው አይናቀው። ችግሩ የክፍያው ነው። ባለሞተሩ ለተቀየረ ዕቃ ይከፍላል፤ ለምርመራ ግን አይከፍልም። የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጎ ውኃ ያወጣ መካኒክ ምን ሠራህ ይባላል፤ ሲዲአይ የሸጠ ግን ገንዘቡን ያገኛል። በዚህ ላይ አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ በገበያው መኖሩ ሲጨመር አዲስ ዕቃ አስገብቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሲቀር የትኛው እንደተበላሸ ይጠፋል። የወጣው ካንዴላ ይሠራ ከነበረ አይጣል፤ ለመፈተኛ ይቀመጥ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥልጠናውን ለቆላው ቢያስማሙት፣ በተለይ ቫልቮላ ማስተካከልንና ቤንዚን መፈተንን ቢያስቀድሙ፣ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም።

ሰሊጥ አጨዳው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ካምፕ ያላችሁ የእርሻ ባለቤቶች ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ አንድ የካንዴላ ቁልፍ፣ አንድ ነጭ ጠርሙስና በደንብ የሚዘጋ አንድ ጀሪካን ቤንዚን አዘጋጁ፤ ከአሽከርካሪው ሌላ ሁለት ሠራተኞችንም ካንዴላ አውጥቶ ማንበብ አስተምሩ። ሞተሩንም ሥራ ባይኖር እንኳ በየጠዋቱ አስነሱት።